የአባትሽ ዘጠኝ ካርቶኖች

እህቴ፣ በመጀመሪያ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውሮፕላን መሐንዲስነት ሠርተው፣ ዘጠኝ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትተው አርፈዋል። ወንድምሽ «ሰርተፍኬቱንና ፎቶውን እንያዝ፣ ሌላው ይጣል» ይላል። አንቺ ግን እጅሽ እንቢ ብሎሻል። ምን ልያዝ፣ ምን ልጣል፣ ለማንስ ልስጥ ነው ያልሽው።

እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ይኸው ጭንቀት ደርሶብኛል። አባቴ 34 ዓመት ሀንጋር (አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ) ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እኔና እህቴ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ክፍሉን «አጸዳን»። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ቅዳሜና እሁድ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት የሚያዘው ዘይት የነካው የኪስ ደብተር ነው። ሰርተፍኬት ቢጠፋ እንኳ የሰጠው ክፍል መዝገብ ላይ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ማኑዋሉም (የጥገና መመሪያ መጽሐፉ) በሺህ ታትሟል። የኪስ ደብተሩ ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ካርቶንሽ ውስጥ።

ለምን እንደዚህ እንደምል በምሳሌ ላሳይሽ። አባቴ ከቱታው ኪስ የማትለይ ትንሽ ደብተር ነበረችው። ስታልቅ በሽፋኗ ላይ ቁጥር ይጽፍና ሌላ ይጀምራል። በአንዷ ገጽ ጥግ ላይ «29» ይላል። ከሥሩ «ድምፁ ከቀኝ በኩል ነው። ሲቀዘቅዝ ይጠፋል።» ቀጥሎ በእርሳስ የተሣለ ቱቦና ቱቦውን የሚይዝ ማሰሪያ (ክላምፕ) አለ፤ ቀስቱ ክላምፑ ውስጥ ያለችውን ላስቲክ ያመለክታል። ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ቀለም «ፓምፑ አይደለም» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ገጹ ግርጌ ላይ፣ እጁ እየተቻኮለ፦ «ላስቲኩ አልቋል። ቱቦው ብረቱን እየነካ ነው። ሌሎቹንም እይ።» ይህን «ሌሎቹንም እይ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

የዚያኑ ሥራ ይፋዊ ቅጂ ካርቶኑ ውስጥ አገኘሁት። አንድ መስመር ነው። ክላምፕ ተቀየረ፣ ተፈተሸ፣ ቀን፣ ፊርማ። በቃ። መዝገቡ የሚነግርሽ ምን እንደተቀየረ ነው፤ ሰውየው እንዴት አስቦ እዚያ እንደደረሰ፣ የት እንደተሳሳተ፣ ምን እንዳስጨነቀው አይነግርሽም። ያ ሁሉ ያለው ደብተሯ ላይ ነው።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ከ23 ደብተሮች ውስጥ ንጹሕ የሚመስሉትን ይዘን፣ ግሪስ የበላቸውንና ሽፋናቸው የተገነጠለውን በማዳበሪያ ከረጢት አውጥተን ጣልን። የቀሩን ዘጠኝ ናቸው። ከወራት በኋላ ተረጋግቼ ሳነብ፣ አንድ ቦታ ላይ «የዚህ ቀጣይ 14 ላይ አለ» ይላል። 14 የለችም። እኔው ነኝ የጣልኳት። ለዚህ ነው «እጄ እንቢ አለኝ» ስትይ ደስ ያለኝ፤ እጅሽን ስሚው።

የአውሮፕላን ሥራ ታሪክ ራሱ እንዲህ ያለ ጉድለት አለበት። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩትን አውሮፕላን ሞተር የሠራው ቻርልስ ቴይለር የሚባል መካኒክ ነው፤ በስድስት ሳምንት ገደማ። ቴይለር በኋላ ሲናገር ደንበኛ ንድፍ የሚባል አልነበረንም ብሏል፤ ስለሚሠራው ዕቃ እየተነጋገሩ አንዳቸው በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጭሩታል፣ እሱ ቁራጩን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሰክቶ እያየ ይሠራል። እነዚያን ቁራጮች ዛሬ ማየት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው አስቢው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሞት የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። የወንድማማቾቹ ወረቀት ግን ተርፏል። ከወንድማማቾቹ አንዱ ኦርቪል እ.ኤ.አ. በ1948 ከሞተ በኋላ የንብረቱ አስፈጻሚዎች በማግሥቱ ዓመት ደብተሮቹን፣ ደብዳቤዎቹንና የመስታወት ፎቶ ኔጋቲቮቹን ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጡ። ኔጋቲቮቹ 303 ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ የወንድማማቾቹ ከተማ ዴይተን እ.ኤ.አ. በ1913 በደረሰባት ጎርፍ ውኃ ገብቶባቸው ጠርዛቸው ተልጧል፤ ቢሆንም አልተጣሉም። የተበላሸ የሚመስልን ነገር ለመጣል መቸኮል ምን እንደሚያሳጣ ከዚህ ታያለሽ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ካርቶኖቹን ገና አልነካካሽ እንደሆነ፣ ተመስገን። መጀመሪያ ምንም ሳታወጪ እያንዳንዱን ካርቶን ከላይ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ካርቶኖቹን ከ1 እስከ 9 ቁጥር ስጫቸው። ምንጊዜም አንድ ካርቶን ብቻ ክፈቺ። ከአንዱ ያወጣሽውን ሌላው ውስጥ አትክተቺ። በቤተ መዛግብት ሙያ ያሉ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ይህን ነው፦ ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል። እኛ ተሳስተን ፎቶን ከፎቶ፣ ደብዳቤን ከደብዳቤ፣ ሰርተፍኬትን ከሰርተፍኬት ጋር ደረደርን። ያምር ነበር። ግን አባቴ ወረቀቱን ያስቀመጠው በአውሮፕላን ዓይነት ነበር። ፎቶው የተነሣው የትኛው ሥራ ላይ እንደሆነ ይታወቅ የነበረው አጠገቡ በነበረው ወረቀት ነው። ከለየናቸው በኋላ ፎቶዎቹ ቱታ የለበሱ የማናውቃቸው ሰዎች ሆነው ቀሩ።

የሥራና የቤት ወረቀት እንለይ የሚል ሐሳብም ይመጣል። አትለዩ። አባቴ ጋር የሌሊት ሺፍት ፕሮግራም አግኝቻለሁ፤ በታይፕ የተመታ፣ የሠራተኛ ስምና ሰዓት የሞላበት ተራ ወረቀት። አንድ ማክሰኞ ላይ በእስክሪብቶ ተከቦ፣ ከጎኑ «የልጅቷ ፈተና። ቀይሩኝ።» ይላል። እህቴ ይህን ስታይ ወረቀቱን ይዛ ወጥታ ለብቻዋ ተቀመጠች። እና ይሄ የሥራ ነው የቤት?

ደብተሮቹን ማንበብ ስትጀምሪ ምስጢራዊ ጽሑፍ ይመስሉሻል። አይደሉም። ገጽ ጥግ ላይ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ካየሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፕላኑን ክፍሎች በምዕራፍ የሚከፍለው ኤ.ቲ.ኤ. የሚባለው አሠራር ነው። 24 ኤሌክትሪክ ነው። 27 የበረራ መቆጣጠሪያ። 28 ነዳጅ፣ 29 ሃይድሮሊክ፣ 32 ላንዲንግ ጊር (ጎማዎቹና እግሮቹ)፣ 49 ብዙ ጊዜ ጅራቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ረዳት ሞተር፣ 72 ዋናው ሞተር ራሱ። ይህን ብቻ ብታውቂ ግማሹ ይፈታልሻል። ኤ.ኦ.ጂ. የሚል ካየሽ አውሮፕላኑ በብልሽት ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል ማለት ነው። ኤ.ዲ. የሚለው ደግሞ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በግድ እንዲሠራ ያዘዘው የደህንነት መመሪያ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ስህተት ሲኖር በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ አጭር ፊርማ አርፎበት ታያለሽ። የሙያው ሥርዓት ነው፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። አባቴ የቤት ወጪ ሲጽፍ እንኳ እንደዚያ ነበር የሚሰርዘው።

የማይጣለውን በአጭሩ፦ የኪስ ደብተር፣ የሥራ ልምድ መዝገብ (ሎግ ቡክ)፣ የሙያ ፈቃዱ (ላይሰንሱ) ከነእድሳቱ፣ የሥልጠና ደብተር (በተለይ ጠርዙ ላይ የተጻፈበት)፣ ደብዳቤ፣ ከጀርባው ጽሑፍ ያለው ፎቶ፣ በእጅ የተሣለ ንድፍ። የሎግ ቡኩን ነገር ቀላል እንዳታደርጊው። ለአውሮፕላን ጥገና ላይሰንስ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተፈቀደ ሥልጠና ላጠናቀቀ ሁለት ዓመት። ያ ልምድ በሥራ ዓይነትና በቀን ተመዝግቦ፣ በኃላፊ ተፈርሞ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ሎግ ቡኩ ወጣቱን አባትሽን ቀን በቀን ያሳይሻል፤ ጎማ ከመቀየር ተነሥተው ሞተር እስከማውረድ እንዴት እንደደረሱ።

የሚጣል ነገር አለ ወይ? አለ። ባዶ ፎርሞች፣ ሦስት አራት ቅጂ ያለው ሰርኩላር፣ ምንም ያልተጻፈበት የታተመ ማኑዋል። እነዚህን በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አትጣይ። ማኑዋሉንም ገጽ በገጽ ሳትገልጪ አታውጪ። የአባቴ ምርጥ ማስታወሻ የተገኘው የማኑዋል ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው።

አሁን ጠንቀቅ የምትይበት ነገር ላይ ደረስን፤ ይህን ሌሎች መልስ ሰጪዎች አላነሡትም። ካርቶኑ ውስጥ የፍተሻ ማህተም ልታገኚ ትችያለሽ፤ ቁጥር ያለባት አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። በእሷ ተመትቶ ነው አንድ ሥራ «ታይቷል፣ ደህና ነው» የሚባለው። የአባትሽ መታሰቢያ ብትሆንም የሰጠው መሥሪያ ቤት ንብረት ናት። ደውለሽ ጠይቂ። ምናልባት ፊቷን ፍቀው ከጥቅም ውጪ ካደረጓት በኋላ ለቤተሰብ ሊመልሱ ይችላሉ። እንደዚሁ ዕቃ ላይ የሚንጠለጠሉ ካርዶችና የተፈረመባቸው የዕቃ ብቃት ማረጋገጫ ፎርሞች ካሉ፣ ለማንም እንዳትሸጪ። አውሮፕላን ላይ የሚገጠም እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደመጣ በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ሐሰተኛ ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ እውነተኛ ወረቀት ነው። እኛ ቤት አንድ «ሰብሳቢ ነኝ» የሚል ሰው መጥቶ ነበር። ፎቶዎቹን ዞር ብሎም አላያቸው። ዓይኑ ፎርሞቹና በትንሽ ከረጢት የተቋጠሩት ብሎኖች ላይ ብቻ ነበር። ያኔ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ባይኖር ኖሮ ሰጥተነው ነበር። «ይህ ብሎን ነገ ሰው የተሳፈረበት ላይ ቢገጠምስ?» ብሎ በቁጣ ከእጄ ወሰደው። የቀድሞ ማኑዋልም ቢሆን ለማስታወሻ እንጂ ለሥራ አይሆንም፤ ማሻሻያው ያልገባበት ማኑዋል ይዞ መጠገን ክልክል ነው።

አሮጌ የአውሮፕላን ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) ካለም አትክፈቺው። በተለይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉ ጥቂት አሥርት ዓመታት የተሠሩት፣ በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥራቸው በራዲየም ቀለም ይቀባ ነበር። ብርሃኑ ዛሬ ጠፍቶ ይሆናል፤ ራዲየሙ ግን አለ፣ በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። መስታወቱ ካልተሰበረና ካልተከፈተ ብዙም አያሰጋም። በላስቲክ ጠቅልለሽ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሪና የሚመለከተውን የጨረራ መከላከያ ክፍል ጠይቂ።

ስለ አቀማመጥ። ወረቀት የሚሞተው በእርጥበት፣ በሙቀትና በብርሃን ነው። ጣሪያ ሥር አታስቀምጪ፣ ወለል ላይም አታስቀምጪ። ከወለል ከፍ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኝ መደርደሪያ ይበቃል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። የዛገ ክሊፕና የስቴፕለር ስፒል ቀስ ብለሽ አውጪ፤ በጥፍር አትጎትቺ፣ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገሽ እግሮቹን ካቃናሽ በኋላ ግፊው። ወረቀት የታሰረበት ላስቲክ ካለ እሱም ይውጣ፤ ሲደርቅ ይጣበቃል። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፊ! ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። አንጸባራቂ የፋክስ ወረቀት ካየሽ ዛሬውኑ ፎቶኮፒ አድርጊው፤ እየጠፋ ነው ያለው። እኛ ጋር ከአምራቹ የመጡ ሁለት የፋክስ መልሶች ባዶ ነጭ ሆነው ጠበቁን።

ትልልቅ ንድፎች ካሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር ያለው ደንበኛው ብሉፕሪንት ነው። እሱ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ እንደ ኖራ ያለ ነገር) አይወድም፤ ስለዚህ አሲድን ለመከላከል ተብሎ ኖራ የተጨመረበት የቤተ መዛግብት ወረቀት ውስጥ አትክተቺው፣ ያልተጨመረበትን ጠይቀሽ ግዢ። ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ መደብ ላይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ መስመር ያለው፣ አንዳንዴም የአሞኒያ ሽታ የማይለቀው ደግሞ ዲያዞ ይባላል። እሱ በብርሃን ይደበዝዛል፣ አጠገቡ ያለውንም ወረቀት ያቆሽሻል። ለብቻው ይቀመጥ። የፎቶ ፊልም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተሽ መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌላው ለይተሽ በቶሎ ስካን አስደርጊው።

ስካን ስታደርጊ ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ለፎቶና ለእርሳስ ንድፍ 600 በቂ ነው። የፋይሉን ስም ከካርቶኑ ቁጥር ጀምሪ፤ «ካርቶን 3፣ ደብተር 7፣ ገጽ 12» ዓይነት። ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጪ፤ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ማድረግ አለማድረግ ነው። ስካን ተደርጓል ብለሽም ዋናውን አትጣይ። የእርሳሱ ጫና፣ የዘይቱ ጣት አሻራ፣ ገጾቹ መሃል የተረሳ ትኬት በስካን አይመጣም።

ለማን ልስጥ ላልሽው፣ መጀመሪያ አትቸኩዪ። አንድ ዓመት ጠብቂ። ሐዘን ላይ ሆኖ የሚወሰን ውሳኔ ወይ ሁሉን ያስጥላል ወይ ሁሉን ያስደብቃል። በዚህ ዓመት ውስጥ ግን አንድ የማይጠብቅ ሥራ አለ፦ የአባትሽን የሥራ ባልደረቦች ፈልጊ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ፎቶዎቹን ይዘሽ ሂጂ፣ ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቺ፣ ፈቃድ ጠይቂና ዝም ብለሽ አዳምጪ። ማን ማን እንደሆነ በለሰለሰ እርሳስ ፖስታው ላይ ጻፊ፤ ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፊ። አንድ አዛውንት ለእኔ ስለ አንዲት ደብዛዛ ፎቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ። ፎቶዋ ላይ የሚታየው መሰላልና የሰው እግር ብቻ ነበር። እግሩ የአባቴ ነው፤ ጫማውን አውቀውት ነው።

ከዚያ የአቪዬሽን ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቂ። ካርቶን ተሸክመሽ አትሂጂ። አንድ ገጽ ጻፊላቸው፦ አባትሽ ማን ነበሩ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ሠሩ፣ በምን በምን ዓይነት አውሮፕላን ላይ፣ ስንት ካርቶን፣ ውስጡ ምን ምን አለ። ደብተር በተከታታይ አለ በያቸው፤ ጆሯቸው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ስትሰጪ በጽሑፍ ስምምነት ይሁን። ሦስት ነገር ይግባበት፦ የማይፈልጉትን ለእናንተ እንዲመልሱ፣ ስብስቡን እንዳይበትኑ፣ የግል ደብዳቤዎች ለተወሰነ ዓመት ተዘግተው እንዲቆዩ። እኛ አንድ ቦታ በቃል ብቻ ተማምነን ሁለት አልበም ሰጥተን፣ በኋላ ስንጠይቅ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ሌላ ሰውን የሚነካ ነገርም ይኖራል። የአደጋ ምርመራ ወረቀት፣ የባልደረባ የዲሲፕሊን ጉዳይ፣ የሕክምና ውጤት። እነዚህን አትጣይ፣ ግን ለብቻ ፖስታ ውስጥ አሽገሽ ከላይ ምን እንደሆነ ጻፊ። ስምምነቱ ላይም አንሺው። መሥሪያ ቤታቸው የሠራው ንድፍ ወይም ሪፖርት ደግሞ ወረቀቱ እናንተ ቤት ቢገኝም የባለቤትነት መብቱ የመሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ጠይቂ። የወላጆችሽ የግል ደብዳቤ ላይ እናትሽ ካሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው። እናቴ ስድስት ደብዳቤ አውጥታ «እነዚህ የእኔ ናቸው» አለች። ምን እንደሚሉ አናውቅም። መብቷ ነው።

እዚህ ግሩፕ ላይ ያላችሁ፣ ዛሬም ቱታ የምትለብሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ሎግ ቡካችሁን በየሳምንቱ ሙሉ፣ ኃላፊያችሁ ሳይቀየር አስፈርሙ። በአውሮፓው ሥርዓት ላይሰንሱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለመፈረም ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የስድስት ወር ሥራ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ወረቀት የሌለው ልምድ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ደብተራችሁ ላይ ስማችሁንና ዓመቱን ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ ማን እንዳለበት ያኔውኑ ጻፉ።

እህቴ፣ ለወንድምሽ ይህን ጽሑፍ አሳዪው። ክፋት ስለሌለው አትቀየሚው፤ እኔም እንደሱ ነበር የማስበው፤ ቤት ይጠባል፣ ሐዘኑም ይከብዳል፣ ካርቶኑን ማየት ራሱ ያማል። ከካርቶን 1 ላይ አንድ ደብተር ብቻ አውጡና አብራችሁ አንብቡ። ጥግ ላይ ቁጥር ካለ፣ ምን ምዕራፍ እንደሆነ እዚህ ጻፊልኝ። የማይነበብ ጽሑፍ ካለም ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ያን አዛውንት እጠይቅልሻለሁ፤ አሁንም ደህና ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው እንዲህ ያለ ነገር ማየት ደስ ይላቸዋል።